የኔቪል ክላክስ

በያራምቢ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኳስ ሜዳ ያልወጣ ሰው ወይ ሞቷል ወይ በግ እያዋለደ ነው። የዚህ አገር ኳስ በእጅ ይቀለባል፣ በእግር ይለጋል። መኪኖቹ አፍንጫቸውን ለአጥሩ ሰጥተው ሞላላውን ሜዳ ዙሪያውን ይከቡታል። ብርድ የማይፈሩት አጥሩን ተደግፈው፣ የቀሩት ደግሞ መኪናቸው ውስጥ ሆነው ከፔርሙስ ሻይ እየቀዱ ጨዋታውን ያያሉ። የመንደሩ ቡድን ጎል ባገባ ቁጥር ሁሉም ክላክሱን ይነካል። ጎሉ ያማረ ይሁን በዕድል የሾለከ፣ ክላክስ የሚነፍገው የለም።

ክላክሱን የሚሰስት ኔቪል ፕራውስ ብቻ ነበር። ለጎል ብሎ ነክቶ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ለአንድ ትልቅ የከተማ ክለብ ተጫዋች ሲመለምል የኖረ ሰው ነው፤ የገጠሩን ሜዳ እያካለለ ልጆቹን አይቶ “ይሄ ይሆናል፣ ያ አይሆንም” ሲል ክለቡ እንደ ዳኛ ፊሽካ ይቀበለዋል። ክላክሱን የሚነካው አንድ ልጅ ታላቅ እንደሚሆን ልቡ ሲነግረው ነው። የክላክሱ ድምፅ እንደ ሸመገለ አውራ ዶሮ የሰለለ ስለሆነ ማንም ለይቶ ያውቀዋል። ዓመታት ሳይሰማ ይከርምና አንድ ቅዳሜ ሲጮህ፣ ሰው ጨዋታውን ትቶ የትኛው ልጅ ነው እያለ ይጠያየቃል።

አሁን መሪው የሚስቱ የግሌኒስ ነው። መንጃ ፈቃዱን ሲመልስ “ዓይኑ ደክሞ ነው” ብላ ለጎረቤት አስወራች። ዓይኑስ የንስር ዓይን ነበር። የደከመው ሌላው ነው።

ነገሩ እንደ ውሃ እያሳሳቀ ነው የወሰደው። መጀመሪያ መነጽር ጠፋ፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ከዚያ የገዛ ወንድሙ ቀብር። “ዴስ ምነው ጠፋ?” ብሎ ሲጠይቃት እውነቱን የነገረችው ሰሞን እንደ አዲስ ያለቅስ ነበር፤ አሁን “እርሻ ላይ ነው” ብላ ትገላገላለች። ሜዳ ሲወጡ ግን ገበናውን የምትሸፍንበት ብልሃት ነበራት። ሰው ወደ መኪናቸው ሲመጣ ካየች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ “ባሪ ነው፣ ጉልበቱን ኦፕራሲዮን ሆኗል” ትለዋለች። ኔቪልም መስኮቱን ዝቅ አድርጎ “ባሪ፣ ያ ጉልበት እንዴት አደረገህ?” ይላል። ባሪ ደስ ብሎት ይሄድና፣ ይሄ ሽማግሌ አንድ ነገር እንኳ አይረሳም እያለ ያወራል።

ኳስ ወደ ላይ ስትነሳ ግን ብልሃት አያስፈልግም። ያን ጊዜ ኔቪል ድሮ የነበረው ኔቪል ነው። የማን እግር እንደሰነፈ፣ ማን ኳስ ከመምጣቷ በፊት እንዳሰበ፣ ማን ለእናቱ ማን ለራሱ እንደሚጫወት ያያል። የክለቡ የዛሬ መልማይ ዳሚየን፣ ኔቪል ራሱ ያሰለጠነው ሰው ነውና፣ እሁድ እሁድ ጠዋት ስልክ መደወሉን አልተወም። ኮምፒውተሩ ሩጫና ዝላይ ይለካልኛል፣ ልብ የሚለካልኝ አንተ ነህ ይለዋል። ዘንድሮ ለክለቡ አንድ የመጨረሻ ቦታ ቀርታ ነበር፤ ዳሚየንም የያራምቢውን ኪራን ማሎይን ልውሰደው ልተወው ብሎ የኔቪልን ቃል እየጠበቀ ነበር።

ኔቪል ልብ የሚለካበት መንገድ አንድ ነበር። ጎል የሚያገባውን አያይም፣ ሩጫ የሚያበዛውንም አያይም። የሚጠብቀው ኳስ ከአንድ ልጅ ኋላ ተመትታ በአናቱ ላይ የምታልፍበትን ቅጽበት ነው። ልጁ ኳሷን ለመቅለብ እሷ ወደምትሄድበት መሮጥ አለበት፣ ዓይኑን ከሷ መንቀል የለበትም፣ ከፊት ደግሞ ምን የመሰለ ወጠምሻ እየተንደረደረ እንደሚመጣ አያውቅም። አብዛኛው ሰው ለአፍታ ዝቅ ብሎ ያያል። ያችን አፍታ ኔቪል ከሜዳው ማዶ ያያታል። “ዓይኑን ከኳሷ አነሳ” ካለ በቃ፣ ያ ልጅ ከእንግዲህ ወርቅ ቢያነጥፍም አይሆንም።

እሱ ራሱ በወጣትነቱ ዓይኑን አንስቶ አያውቅም። ያራምቢ ዋንጫ የወሰደ ዕለት እንዲያ ሲሮጥ ተመትቶ ራሱን ስቶ ወጣ፤ ከእረፍት መልስ ገብቶ ደግሞ አሸናፊዋን ጎል አገባ። ኔቪል ያን ጨዋታ አያስታውሰውም። “ዋንጫ የበላሁበትን ቀን ሰው ነው የነገረኝ” ሲል መጠጥ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፤ ቀልዱ እሱ ጎሉን ካገባ ጀምሮ አላረጀም። ግሌኒስም ከሰው ጋር ስትስቅ ነው የኖረችው።

ያን ቅዳሜ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከአራቱ ክፍለ ጊዜ ሦስተኛው ሊያልቅ ሲል አንድ የያራምቢ ተከላካይ ኳሷን በረጅሙ ለጋት። ኪራን ማሎይ ከፊት ነበረ። ቀጫጫ ነው፣ ጉልበቱ ከጭኑ ይወፍራል። ዘወር ብሎ ሮጠ፣ አገጩ ሰማይ ሰማይ እያየ፣ እጁ እንደ ሕፃን እጅ ተዘርግቶ። ከወዲያ ሁለት ግዙፍ ሰዎች እየመጡ ነው። አጥሩ ጋ ያሉት ሴቶች ፊታቸውን ሸፈኑ። ልጁ ዓይኑን አላነሳም። ኳሷን ቀለባት፣ ተመታ፣ ተሽከርክሮ ወደቀ፣ ኳሷ ግን ከደረቱ አልተለየችም። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ወደ ገዛ ቡድኑ ጎል ሊመታ ዞረና ጓደኞቹ እየሳቁ መልሰው አዞሩት። ሜዳው በክላክስ ተናወጠ።

ኔቪል ወደ ፊት መስታወቱ ተጠጋ። “ይሄ ነው” አለ። እጁ ከፊቱ ተዘረጋና የዕቃ መሳቢያውን ክዳን መታው። ድሮ እሱ ሲነዳ ከፊቱ የነበረው መሪው ነው። መሪው በሚስቱ በኩል መሆኑን ሲያይ እጁን ቀስ ብሎ ጭኑ ላይ መለሰ። ግሌኒስ ክላክሱን ልትነካለት ትችል ነበር፤ ልጁ ወደ ገዛ ጎሉ ሲዞር አይታ እጇ አልታዘዝ አላት።

ጨዋታው አልቆ ልጆቹ መልበሻ ቤት ውስጥ የቡድናቸውን መዝሙር ሲጮሁ፣ አንዲት ሴት በወረቀት የተጠቀለለ የሥጋ ፓይ ይዛ ወደ መኪናው መጣች። “ትሩዲ ናት፣ የልጁ እናት” አለች ግሌኒስ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

“ለኔ አትንሾካሾኪ፣ ግሌን” አለች ትሩዲ። “ሥራዬ እኮ ነው።” ትሩዲ የመንደሩ አረጋውያን ቤት ነርስ ናት። ነቀፌታ በድምፅዋ ውስጥ አልነበረም፤ ግሌኒስ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠረችው አጥር ሲወድቅ ተሰማት።

ትሩዲ ፓዩን ለኔቪል ሰጠችውና መስኮቱን ተደገፈች። “ክላክስህን ስጠብቅ ነበር። ሳይጮህ ሲቀር ተመስገን ብዬ መጣሁ። አይሆንም ማለት ነው አይደል?”

“ይሆናል” አለ ኔቪል። “እንደሱ ያለ አላየሁም። ከኔም ይበልጣል።”

ሌላ እናት ብትሆን ልጇ ሲመሰገን ትኮራ ነበር፣ ይህቺ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው። ኪራን ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲያዞረው በዚህ ክረምት የዛሬው ሦስተኛው ነው። ሁለተኛውን ደብቋት ነበር፤ እራት ላይ ውሻቸውን አምና በቀበሩት ውሻ ስም ሲጠራው ነው የነቃችው። አትጫወት ብትለው አሻፈረኝ አለ። መጨረሻ ላይ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ዘንድሮ የከተማው ክለብ ካልመረጠው ጫማውን ይሰቅልና አጎቱ ዘንድ የኤሌክትሪክ ሥራ ይገባል። ልጇ ቃሉን እንደማያጥፍ ታውቃለች።

“ስለዚህ በመሀል ያለኸው አንተ ነህ፣ ኔቭ። እዚያ ቤት ያንተን ጓደኞች ነው የማጎርሰው። ሁሉም ዓይናቸውን ሳያነሱ ጭንቅላታቸውን የተመቱ ናቸው። አይሆንም በልልኝ።”

ኔቪል ፓዩን ይዞ ቆየ። የቲማቲም ስጎው በጣቱ ላይ ሲንጠባጠብ አላየውም።

“ዋንጫ የበላሁበትን ቀን አላስታውሰውም” አለ። እንደ ወትሮው የሳቀ ግን አልነበረም። “ያን ቀን ነው አሉ ግሌንን አግቢኝ ያልኳት። ምን ለብሳ እንደነበር አላውቅም። እሺ ስትለኝ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። ሰው ነው የነገረኝ።” ከዚያ ትሩዲን አያት። “አይሆንም እላለሁ።”

ግሌኒስ ወደ ቤት ስትነዳ እንባዋ መንገዱን ጋረዳት። ያን ቀን አረንጓዴ ቀሚስ ነበር የለበሰችው። እንደማያስታውስ ታውቅ ነበር፤ እንደሚያዝንበት ግን ነግሯት አያውቅም።

እሁድ ጠዋት ኔቪል ራሱ ደወለ። ዳሚየን ስለ ልጁ ሲጠይቀው ኔቪል ግድግዳውን እያየ፣ “ዓይኑን ያነሳል” አለ። በሕይወቱ ሙሉ ስለ ተጫዋች ሲዋሽ የመጀመሪያው ነበር፣ የመረጠውም ከውሸት ሁሉ የከፋውን ነው። ዳሚየን እርግጠኛ መሆኑን ደጋግሞ ጠየቀው። ኔቪል “ተሳስቼ አውቃለሁ?” አለና ስልኩን ሰቀለ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

“ልጁን ሰደብኩት፣ ግሌን” አላት። “ያን የመሰለ ልጅ ፈሪ ነው አልኩ።”

“ለእናቱ ስትል ነው” አለችው። ትከሻውን አቀፈችው። ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ እንኳ አልከፈተም፣ እሷም ትሩዲ ጋ ደውላ “ብሏል” ብቻ አለቻት።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ሆነ። ሰኞ ጠዋት ግሌኒስ ጓሮ ልብስ ስታሰጣ ከወጥ ቤት የሳቅ ድምፅ ሰማች። የኔቪል ሳቅ፣ እንዲህ ያለ ሳቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው። የልብስ መቆንጠጫውን በአፏ እንደያዘች ሮጣ በሩ ላይ ደረሰች።

“አገኘሁት እያልኩህ ነው!” ይላል በስልኩ። “ዕድሜዬን ስፈልገው የኖርኩት ልጅ። ኳሷ በአናቱ ላይ ስትሄድ… ምን? ማን ነው አይሆንም ያለህ? የማይረባ ሰው ነው። እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዓይኑን አላነሳም፣ ዳሚየን። ስሙ ጠፋኝ እንጂ ልጁ ቀጫጫ ነው፣ የያራምቢ። ውሰደው።”

ስልኩን ሰቅሎ ዞረ። ፊቱ በርቶ ነበር። የዋንጫው ዕለት እሺ ስትለው እንዲህ ነበር ፊቱ፤ እሱ አያውቀውም እንጂ እሷ ታውቀዋለች። “ግሌን፣ ነገርኩት” አለ። “ጎሽ” አለችው። ሌላ ምን ትበል? ሻይ ጣደች።

ዝም ብትል የሚፈርድባት አልነበረም። ቃሉን ያጠፈው በሽታው ነው፣ እሷ አይደለችም። ቃሉን ለመመለስ ደግሞ ለዳሚየን እውነቱን መንገር ነበረባት፤ ያ ማለት ሰው ሁሉ የሚሰማለትን ቃሉን፣ እስከ ዛሬ ያቆመውን አንዱን ነገር፣ ከባሏ መንጠቅ ነው። ከዚያ ወዲያ እሁድ ጠዋት ስልክ አይጮህም። የትሩዲ አመድ የመሰለ ፊት ግን ከዓይኗ አልሄድ አላት። ኔቪል ዶሮዎቹን ሊያይ ሲወጣ ጠብቃ ደወለች።

“የትናንቱን ያዝ፣ ዳሚየን። የዛሬውን ተወው” አለችው። ለምን ሲላት ሁሉንም ነገረችው፤ የዕቃ መሳቢያውን ክዳን፣ የወንድሙን ቀብር፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ የምታቀብለውን ስም። የትሩዲን ነገር ብቻ አላነሳችም።

ዳሚየን መጀመሪያ ጊዜውን ጠየቀ። “ከመቼ ጀምሮ?”

“ሦስት ዓመት አልፎታል።”

“ታዲያ አምና ውሰደው ያለኝ ልጅስ? በሱ ቃል ብቻ እኮ ነው የወሰድኩት።”

“ልጁ ምን ሆነ?”

“ምንም። ከወሰድናቸው ሁሉ ይበልጣል።”

“አየህ” አለች ግሌኒስ፣ ለባሏ ልቧ ሞቆ። “ዓይኑ አልሄደም እኮ። ሌላው ሁሉ ይሂድ፣ ኳስ ላይ ዓይኑ ሄዶ አያውቅም።”

ካፍ ከወጣ አፋፍ። ያለችው ምን እንደሆነ የገባት ዳሚየን ቃሏን ሲደግመው ነው።

“እሺ፣ ግሌን። ዓይኑ ካልሄደ፣” አለ ዳሚየን በቀስታ፣ “ያየውን የነገረኝ መቼ ነው? ትናንት ነው ዛሬ?”

“ትናንት” አለች። ግን ዘግይታ ነበር። ዳሚየን አልተሟገታትም። ብቻሽን ይሄን ሁሉ መሸከምሽ አሳዘነኝ አላት፤ ከእንግዲህ የኔቪልን ቃል፣ የትናንቱንም የዛሬውንም፣ መያዝ እንደማይችል በትሕትና ነገራት። ቅዳሜ ራሱ መጥቶ ልጁን ያያል። ግሌኒስ ስልኩን ሰቅላ በመስኮት አየች። ኔቪል ዶሮዎቹን እህል እየበተነላቸው ያፏጫል፤ ክብሩን ሸጣበት ለልጁ አንዲት ነገር እንኳ እንዳልገዛች አያውቅም።

ቅዳሜ ዳሚየን ከጨዋታው በፊት ወደ መኪናቸው መጣ። ድሮ ጀርባውን መትቶ፣ ሰድቦት፣ “ዛሬ ደግሞ ምን ልትዋሸኝ ነው?” የሚለው ሰው፣ መስኮቱ ጋ ጎንበስ ብሎ ቃል በቃል እየለየ ጮክ ብሎ፣ “እንዴት፣ ነህ፣ ኔቪል? ብርዱ፣ አልከበደህም?” አለው። ኔቪል ትክ ብሎ አየውና ሲሄድ ወደ ሚስቱ ዞረ።

“ይሄ ደንቆሮ ማን ነው? ምን ያስጮኸዋል?”

“ዳሚየን ነው።”

“ዳሚየን እንዲህ አይናገርም” አለ ኔቪል፣ ጥቂት ቆይቶም ሻይ ጠየቀ። ሲያልቅ አያምር ማለት ይኼ ነው፤ ግሌኒስ ሻዩን ቀድታ አቀበለችው።

ትሩዲ አጥሩ ጋ ቆማ ነበር። ግሌኒስ ሁሉንም ነግራታለች፤ ትሩዲ አልተቆጣችም፣ ግሌኒስን የከበዳትም ይኸው አለመቆጣቷ ነው። ዳሚየን ትንሽ ራቅ ብሎ ታብሌቱን ከፍቷል። ግሌኒስ በልቧ አንድ ጸሎት ብቻ ነበራት፤ ዛሬ ልጁ አንድ ጊዜ ይፍራ። አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ይይ።

ጨዋታው ሲጋመስ ኳሷ ተለጋች። ከፍ ያለች፣ ነፋስ የያዛት ኳስ ናት፣ ከኪራን ኋላ መጥታ በአናቱ ላይ አለፈች። ልጁ ዞሮ ሮጠ። ትሩዲ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጠች። ከፊቱ ሦስት ሰው ይመጣል። ግሌኒስ መሪውን ጨብጣ የልጁን አገጭ ብቻ አየች። አልወረደም። ቀለባት። ሲመታ ድምፁ መኪናው ውስጥ ድረስ ተሰማ። ዳሚየን ታብሌቱን ዘጋው። የሚፈልገውን አይቷል፤ ከእንግዲህ የሚያየው አልነበረም።

ልጁ በአንድ ጉልበቱ ተነሳ፣ ቀጥሎ በሌላው። መኪኖቹ ሁሉ ጮኹ። ኔቪል የሚስቱን ክንድ ጨምድዶ ይዟል፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

“ይሄ ልጅ የማን ነው?”

“የትሩዲ ማሎይ።”

“ታላቅ ይሆናል። እንደሱ ያለ አላየሁም።” ወደ ሜዳው፣ ቀጥሎ ወደ እሷ አየ። “እናቱ ታውቃለች?”

“ታውቃለች፣ ኔቭ።”

“እንግዲያው ክላክሱን ንኪው እንጂ። ምን ትጠብቂያለሽ?”

እጁ በዕቃ መሳቢያው ክዳን ላይ ክላክሱን እየፈለገ ነበር። ግሌኒስ ያን እጅ ባዶውን ሲመለስ ዳግመኛ ማየት አልቻለችም። መዳፏን መሪው መሀል ላይ ጫነችው። ያ የሰለለ ድምፅ ከሁሉ ክላክስ ተለይቶ ወጣ፣ ሌሎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ፣ አጥሩ ጋ የቆመው ሰው ሁሉ ዞረ። ትሩዲም ዞራ አየቻት።

“ጎሽ” አለ ኔቪል። “አሁን ስሙን ንገሪኝ።”